ስታቢላይዘር
ብረት፣ የመዳብ ሽቦ፣ ሪሌ። ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉ በአንቴና ቢመጣም ኃይሉ ከሶኬት ነው፤ 220 ቮልት ይባል እንጂ በተጨናነቀ ሰፈር ሲመሽ ይወርዳል። ብዙ አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የአሮጌው ቴሌቪዥን ሥዕል ከዳር ዳር ይሰበሰባል።

ስታቢላይዘሩ ያን ጊዜ ነው «ቀጭ» የሚለው። ሪሌው ከአንዱ የመዳብ ጥቅል ጫፍ ወደ ሌላው ዘሎ የወረደውን ቮልቴጅ ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ጥቂት ቆይቶ ኃይል የሚሰጥ አለ፤ ብዙ ቴሌቪዥን ከመቃጠል የዳነው በዚህች ትዕግሥት ነው።

የሩቅ ዘመዱ በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሥዕሉ በሚሄድበት በዚያው ኬብል ለአምፕሊፋየሮች 60 ወይም 90 ቮልት ይልካል። እሱ ሪሌ አያሻውም። የብረት እምብርቱ በመግነጢስ ስለሚጠግብና ካፓሲተሩ ስለሚያግዘው፣ የገባው ቢዋዥቅ እንኳ የሚወጣው እምብዛም አይነቃነቅም። ክብደቱና እምምታው ግን ከባድ ነው።

ቤትዎ አሮጌ ስታቢላይዘር ካለ፣ ለቆራሌው ከመሸጥዎ በፊት ለልጆችዎ ያሳዩት።