ነሰባችንን እንዴት እንመዝግብ? ለጀማሪዎች

ነሰብን ማወቅ ዝምድናን ለመቀጠል፣ ውርስን በአግባቡ ለማካፈልና መጋባት የማይፈቀድላቸውን ለመለየት ይጠቅማል። ሥራው ከቤት ይጀምራል።

1. ከራሳችሁ ጀምራችሁ በአባትም በእናትም ወገን ወደ ላይ ቁጠሩ። በአገራችን ስም የሚከተለው የአባትን መስመር ስለሆነ፣ የእናት ወገን ለብቻው ካልተጻፈ ይጠፋል።

2. በዕድሜ ትልቁን ዘመድ አስቀድሙ። የልደት ዓመት ለማያስታውስ ሰው ጥያቄውን በታወቀ ክስተት አድርጉት፦ “አባትዎ ጣሊያን ሲገባ (1928) ተወልደው ነበር? እርስዎስ በ1966ቱ አብዮት አግብተው ነበር?” ዘመኑ በሂጅራ ከተነገራችሁም ለይታችሁ ጻፉ፤ የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል።

3. ማን ማንን እንዳጠባች ጠይቁ። የጥቢ ዝምድና መስፈርቱ ሲሟላ እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል፤ መታወቂያ ላይ ግን አይጻፍም። የሚያስታውሱት አያቶች ካለፉ መረጃውም አብሮ ያልፋል። የተገኘውን ይዛችሁ ብይኑን ዑለማዎችን ጠይቁ።

4. የድሮ ኪታቦችን የፊትና የኋላ ገጾች ግለጡ፤ ልደትና ሞት የተመዘገበባቸው አሉ። የኒካሕ ወረቀትና የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔም የወራሾችን ስም ይይዛል።

5. ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ሰዎች ከተለያዩ ሁለቱንም አስቀምጡ፤ ክፍተቱን በግምት አትሙሉት።

ነሰብ መተዋወቂያ እንጂ መኩራሪያ አይደለም። አያት ካሏችሁ ዛሬውኑ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።