ያለ ስኳር የጠጡት ቀደምቶች



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ቡና ተፈልቶልን ቁጭ ብለን ሳለ አንድ አባታችን ሲኒያቸውን በእጃቸው ከደኑት። ስኳር የሚያድለው ልጅ ግራ ገባው። «ሐኪም ከልክሎኛል ልጄ» አሉት። ከመሀላችን አንዱ «ታዲያ ያለ ስኳር ምኑ ይጠጣል?» ብሎ አሳቀን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እኛም ስኳሩን ተውን። የመጀመሪያው ሳምንት ቡና ሳይሆን መድኃኒት የጠጣን ነው የመሰለን። የወጣቱ ጥያቄ ግን ወደ ኪታብ መለሰን።

ስለ ቡና ከተጻፉት የቆዩ ኪታቦች የታወቀው ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በ1558 (እ.ኤ.አ) ገደማ የጻፉት ነው። ዓላማው ቡና ሐላል መሆኑን ማስረዳት ነበር። እዚያ ውስጥ የዐደኑ ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ሰዒድ አዝ-ዘብሓኒ ይነሳሉ፤ የሞቱት በ1470 ነው፤ ረሒመሁላህ። ከባሕሩ ማዶ፣ ማለትም በእኛ በኩል ካለው ምድር፣ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አይተው ነበር። ወደ ዐደን ተመልሰው ሲታመሙ ትዝ አላቸው፤ ጠጡት፤ ድካምና እንቅልፍ እንደሚያባርርም አዩ። ከዚያ የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር ያዙት።

ካይሮ ላይ ያለው ወግ ደግሞ ልብ ይነካል። በአዝሀር የየመን ተማሪዎች ሰኞና ጁሙዓ ሌሊት ይሰበሰባሉ። ቡናው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው። አለቃቸው በትንሽ ጭልፋ እየቀዳ ከቀኝ ጀምሮ ያድላል፤ እነሱ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላሉ። በዚህ ወግ ውስጥ ስኳር የሚባል ነገር የለም። ስኳር ጠፍቶ ነው እንዳንል የማምሉኮቹ ግብፅ ራሷ ስኳር አምራች ነበረች። (ርካሽ ነበር ማለታችን አይደለም።) የፈለጉት ጣፋጩን ሳይሆን ንቃቱን ነበር።

በ1511 የመካው ሹም ኻኢር በይ ቡናን ማስከልከሉ ይታወቃል። ክርክሩ ያሰክራል ወይስ አያሰክርም፣ በስብሰባው ምን ይደረጋል የሚል ነበር። ስለ ምሬቱ የከሰሰው የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ አያቶቻችን ቡና ውስጥ ጨው ይጨምሩ ነበር፤ ቅቤም የሚጨምሩ አሉ። ሐረር ላይ የቡናው ቅጠል ተፈልቶ ቁቲ ይሆናል፤ ገለባውም ሐሸር ተብሎ ይጠጣል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። «የአባቶቻችን ልማድ» እያልን የምንሟገትለት ሦስት ማንኪያ ስኳር እንግዲህ ዕድሜው ከብዙዎቹ አያቶቻችን ያንሳል። የቆየው ሌላ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካ የዐረብኛው በረከት ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከዱዓው እንጂ ከጣዕሙ አይደለም።

እንዴት ለመድነው ለምትሉ፣ በአንድ ጊዜ መተው ከበደን። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ወረድን። ቆይውንም እህታችንን እንዳታጠቁረው ለመንናት፤ ለካ እስከ ዛሬ ስኳሩ የሚሸፍነው ያረረውን ነበር። ሸዋል ሲጋመስ አበባ አበባ የሚል ነገር አፋችን ላይ ቀረ። ያ ያሳቀን ወጣት አሁንም ግማሽ ማንኪያ ላይ ነው። አባታችን ግን ሲኒያቸውን መክደን ትተዋል፤ ስኳር ይዞ የሚዞርም የለም።