እንሰትና የስሙ መዝገብ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፉ እንሰትን በአገሬው ስሙ ጠርቶ፣ ተክሉ ከሙዝ ወገን እንዳልሆነ ተከራክሮ ነበር። በዓመቱ ግን ጀርመናዊው ዮሐን ፍሬድሪክ ግሜሊን «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎ ሙዝን በያዘው ጂነስ ውስጥ መዘገበው። በ1862 የሩሲያው ፓቬል ጎርያኒኖቭ እንሰትን ራሱን የቻለ ጂነስ ቢያደርገውም፣ አብዛኞቹ የዘርፉ ሊቃውንት አልተከተሉትም።

ክርክሩን የቋጨው እንግሊዛዊው ኧርነስት ቺዝማን ነው። በ1947 የሙዝን አመዳደብ እንደገና ሲመረምር ሁለቱን ለያያቸው። ሙዝ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ራሱን ይተካል፤ እንሰት ግን የሰው እጅ ካልገባበት በቀር አንድ ጊዜ አፍርቶ ይሞታል። የግንዱ ሥር ያበጠ፣ ፍሬው በትልልቅ ዘር የተሞላ ነው። መሠረታዊ የክሮሞሶም ቁጥሩም 9 ሲሆን፣ የሙዝ በአብዛኛው 10 ወይም 11 ነው።

የብሩስ ሐሳብ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲረታ፣ የስሙ ጉዳይ ሌላ መልክ ያዘ። የዕፅዋት ስያሜ ደንብ የጂነስና የስፒሺስ ስም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይፈቅድም። በእንስሳት ዘንድ «ጎሪላ ጎሪላ» ማለት ይቻላል፤ «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ግን ክልክል ነው። ስለዚህ የግሜሊን ስያሜ ቀርቶ፣ ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቬልቪች በ1859 ለአንጎላው ተክል የሰጠው «ቬንትሪኮሳ»፣ ማለትም «ሆዱ ያበጠ»፣ ተወረሰ። በኢትዮጵያ ብቻ ለማዳ የሆነው ሰብል ዛሬ የሚታወቀው «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም» ተብሎ ነው።

ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ አሁንም «የሐሰት ሙዝ» የሚባለው ተክል ባልሆነው ነገር የተገለጸ ነው። ሙዝ የሚመዘነው በፍሬው ነው፤ 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን የሚመግበው እንሰት ግን የሚፈለገው ለቆጮው፣ ለቡላውና ለአምቾው ነው። ፍሬ ቆጣሪ ዓይን ይህን ሀብት አያየውም።

ከዚህ የሚልቀው ችግር የመቁጠሪያው አሃድ ነው። ሳይንሳዊው መዝገብ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በዱር የሚበቅለውንና በጓሮ የሚተከለውን በአንድ ስም ያጠቃልላል። የሲዳማ፣ የጉራጌ፣ የወላይታና የጋሞ ገበሬዎች ግን በቅጠሉ ቀለም፣ በሚደርስበት ጊዜና በሚሰጠው ጥቅም እየለዩ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዝርያዎች ስም አውጥተዋል። በ1968 በሳይንስ የተገለጸው የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ማሳ ሲያጠፋ፣ «ማዚያ» የተባለው የወላይታ ዝርያ ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ይህ ልዩነት የሚታየው በገበሬው ምደባ ነው።

ስለሆነም አንድ ስፒሺስ ከመጥፋት ስጋት ነጻ ነው ማለት ሰብሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም በአፍሪካ ዱር በሰፊው ተርፎ ሳለ፣ የገበሬው ዝርያዎች ከየጓሮው አንድ በአንድ ሊጠፉ ይችላሉ። ለጥበቃው ገንዘብ የሚመድብ አካል በሁለቱም መዝገቦች ካልቆጠረ፣ የጠፋውን እንኳ ማወቅ አይችልም።