ስለ አሮጌዪቱና ስለ አዲሲቱ አክሱም ጽዮን ሕንጻ

ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ፥ ጣራው ሲያፈስ፥ ምእመናንም በዝተው ከቅጥሩ ሲተርፉ፥ በየደብሩ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አሮጌው ፈርሶ አዲስ ይሠራን? ወይስ አሮጌው ይጠገን?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ ካህናቱን ከምእመናኑ፥ ሽማግሌውንም ከጐልማሳው ሲያከራክር ይኖራል። እኔም ለዚህ ለኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ጥቂት ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ክርክሩን በምክር ከማስረዘም ይልቅ ነገሩ በሥራ የታየበትን አንድ ስፍራ ማሳየት ይሻላል ብዬ አክሱምን መረጥሁ። በዚያ አሮጌዪቱ ጽዮንና አዲሲቱ ጽዮን ተቀራርበው ቆመዋልና።

አሮጌዪቱ የምንላት ሕንጻ እርስዋም በዘመንዋ አዲስ ነበረች። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከርስዋ በፊት የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን በዓይኑ አይቶ፥ በውስጥዋ አምስት ክፍል ያላት ሰፊና ረጅም፥ በሥዕልም ያጌጠች መሆንዋን ጽፎ ትቶልናል። ይህችም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በ1527 ዓ.ም. ገደማ በግራኝ ጦር ጠፋች። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ዛሬ የምናያትን አሠሩ። እርስዋም ባለ አራት ማዕዘን ስትሆን፥ የግንቡ ጫፍ እንደ ጎንደር አብያተ መንግሥት ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተከበበ ነው።

ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ከሕንጻዋ ይልቅ ከበታችዋ ያለው ነው። የጥንቲቱ ቤተ ክርስቲያን መደብ 66 ሜትር ያህል ርዝመትና 41 ሜትር ያህል ወርድ ያለው፥ ከምድርም ከፍ ብሎ በድንጋይ የተሠራ ነው። የፋሲለደስ ሠራተኞች ይህን መደብ አልነቀሉትም። ከላዩ ከጥንቲቱ ያነሰች ቤተ ክርስቲያን አቆሙበት፥ የተረፈውንም ስፍራ እንዲሁ ተዉት። ድንጋይ ለሚፈልግ ግንበኛ እንዲህ ያለ መደብ ተጠርቦ የተቀመጠ ሀብት ነበር። እነርሱ ግን አቅማቸው የሚፈቅደውን ሠርተው ያልቻሉትን ለሚመጣው ትውልድ አቆዩት። ዛሬ ደረጃውን ወጥቶ ወደ ደጃፍዋ የሚሳለም ሰው የሚረግጠው ያን የጥንቱን መደብ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት አለፈ። የአሮጌዪቱ ጽዮን ሥርዓት ሴቶች እንዳይገቡባት ነው። ስለዚህም በኅዳር 21 ቀን ከየአገሩ ለሚሰበሰበው ሕዝብ፥ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ቅዳሴውን ከውጭ ቆመው ከመስማት በቀር ሌላ ዕድል አልነበራቸውም። ስለ ጥንት ሥራ መጠበቅ የሚናገሩ ሰዎች ስለ ድንጋዩ እጅግ ሲጨነቁ፥ በፀሐይና በዝናብ ቆማ የምትጸልየዋን ሴት ግን ሲረሱአት አያለሁ። አዲስ ሕንጻ ያስፈለገው ለኩራት ብቻ ነው ማለት እውነት አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩአትና በ1957 ዓ.ም. የተመረቀችው አዲሲቱ ጽዮን ወንዶችም ሴቶችም የሚገቡባት ሰፊ ቤት ናት።

ስለ መልክዋ የሰው አሳብ አንድ አይደለም። ትልቁ ክብ ጉልላትዋ ከአገራችን ሥራ ይልቅ ወደ ቁስጥንጥንያ ያዘነብላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ነገራቸውን አልነቅፍም። የደወሉ ቤት ግን ለብቻው ረጅም ሆኖ ቆሞ የአክሱምን ሐውልቶች መልክ ስለሚከተል፥ የስፍራውን ቋንቋ ይናገራል። ደግሞ እንዲህ ባለ ሰፊ አዳራሽ ሁሉ ካህናት የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። በክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚከበቡ፥ ያልተማረ ሕፃን እንኳ በእግሩ ሲሄድ ሥርዓቱን ይማራል። ግድግዳው በጠፋበት አዳራሽ ግን ይህን በመጋረጃና በምንጣፍ ማስተማር ያስፈልጋል። አዲስ የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ከመሐንዲሱ ጋር አስቀድመው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው፤ መሐንዲሱ ማኅሌት ቆሞ ያላደረ ከሆነ በራሱ አያውቀውምና።

የአዲሲቱ ትልቅ ምስጋና ግን በመልክዋ አይደለም፥ በቆመችበት ስፍራ ነው። አሮጌዪቱን አፍርሶ በዚያው በተከበረው መደብ ላይ ትልቁን ሕንጻ ማቆም ይቻል ነበር፤ ሥልጣኑም ገንዘቡም አልጐደለም። ያ ግን አልተደረገም። አዲሲቱ ፈንጠር ብላ ተሠራች፥ አሮጌዪቱም በሥርዓትዋ ጸናች።

አሮጌውን መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ደግሞ ከደብረ ዳሞ እንማራለን። በዚያ በገመድ በሚወጣበት አምባ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በአክሱም ዘመን አሠራር የታነጸ ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ ይካባል፤ የእንጨቱም ራስ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ይህንኑ አሠራር በአንድ ድንጋይ ላይ ቀርጸው ያሳያሉ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተጐድቶ ሳለ፥ ዴሪክ ማቲውስ የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ የቀድሞውን አሠራር ተከትሎ አደሰው። ይህ ሥራ በሲሚንቶ ከመለሰን የከበደ ነው፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። ሲሚንቶ ከጥንቱ ጭቃና ኖራ ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን በውስጥ ያፍናል፥ እርጥበቱም መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል፥ ሥዕሉንም ያረግፈዋል። በክብ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ የተለጠፉ ናቸው። በብልሃት የሚያነሣቸው ቢገኝ ይነሣሉ፤ ግድግዳው በዶማ ሲናድ ግን ከአቧራው ጋር ይሄዳሉ።

አዲስ መሠረት ሲቆፈር ከምድር በታች ያለውም ሊታሰብ ይገባል። ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የወሰደችው፥ 24 ሜትር የሚቆመው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሦስት ክፍል ሆኖ በአውሮፕላን ተመለሰ። ወዲያው ግን አልተተከለም። አስቀድሞ ምድሩ ሳይቈፈር በመሣሪያ ቢመረመር፥ በሐውልቶቹ አካባቢ ከዚያ በፊት ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች በታች እንዳሉ ታየ። ጎረቤቱ የቆመው ሐውልትም እንዳይናወጥ ተደግፎ፥ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. ቆመ። በዚያው ዓመት በላሊበላ ደግሞ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል፥ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፥ በትልልቅ የብረት ምሰሶ ላይ መጠለያ ተሠራ። ለጊዜው የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ዓመታት ቆየ። የአገሩ ሰዎች ክብደቱ አለቱን፥ ነፋሱም ብረቱን እንዳይጥል ፈርተው በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥተው ድምፃቸውን አሰሙ። ዝናቡን መከላከል መልካም አሳብ ነው፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ በሽተኛው ላይ ቆሞ ሲኖር ዘመዶቹ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ወደ አክሱም ልመለስና ስለ ጠፋው አንድ ነገር ልናገር። በ1898 ዓ.ም. ኤኖ ሊትማን የሚባል የጀርመን ሊቅ ከመሐንዲሶች ጋር መጥቶ የከተማውን ፍርስራሽ ሁሉ ለክቶ በወረቀት አስቀረ፤ መጽሐፉም በ1905 ዓ.ም. ታተመ። ከለኩአቸውም አንዱ ታዓካ ማርያም የሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት መሠረት ነበረ። ርዝመቱ ወደ 120 ሜትር፥ ወርዱም ወደ 80 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ መሠረት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከዘለቀ በኋላ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ መንገድ ሲሠራበት አብዛኛው ተጠራርጎ ጠፋ። መንገዱ ያስፈልግ ነበር፤ ጥቂት ዞር ብሎ ማለፍ ግን ይችል ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቤት አዳራሽና ደረጃ የምናውቀው የጀርመን ሰዎች የሣሉት ወረቀት በመኖሩ ነው። ስለዚህ በየደብሩ ለሕንጻ የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች ገና ገንዘብ ሳይሰበስቡ፥ ገና ግንበኛ ሳይጠሩ፥ ገመድና ወረቀት የያዘ አንድ ሰው ይላኩ። የመቅደሱን ስፋት፥ የምሰሶውን ብዛት፥ የእያንዳንዱን ሥዕል ስፍራና በግርጌው የተጻፈውን የአሠሪውን ስም ይጻፍ። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ከደብሩ ዲያቆናትም ሊሠራው የሚችል አይጠፋም።