ሸዋ ሮቢት ለምትወርዱ

ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በምሳዋና በሙቀቷ ነው። ከጣርማበር ብርድ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ፍራፍሬውን ገዝቶ ይሄዳል። እኔም የአያቶቼ አገር ሆና ሳለች ለብዙ ዘመን እንዲሁ አልፌያታለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁና አንድ ሌሊት እደሩባት። ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ በቆላው ውስጥ እንደ ኖራ ያሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ምድሩ የይፋት ሱልጣኔት ምድር ነው፤ ወላስማዎች እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ድል አድርገው ገዝተውታል። ዐፄ ዓምደ ጽዮንም እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ሰብረዲን ላይ ዘመቱ። ዜና መዋዕላቸው ድሉን በሰፊው ይተርካል፤ የተሸናፊውን ለቅሶ ግን ማን ይጻፈው?

ይህን ታሪክ በተማሪነቴ ሳነብ ራሴን ከአሸናፊው ወገን እቆጥር ነበር። የአባቴ እናት የአርጎባ ልጅ መሆናቸውን ያወቅሁት በቀብራቸው ዕለት ነው። ከቆላ የወጡ ዘመዶች እኛ በማናውቀው ስም እየጠሩ አለቀሱላቸው።

ወደ ኖራ ስትሄዱ ማልዳችሁ ተነሡ፤ የቀትሩ ፀሐይ አይቻልም። የአገሩን ሰው መሪ ያዙ። ከመስጊዱ ደጃፍ ስትደርሱም ጣራ የለውም ብላችሁ በጫማችሁ አትግቡ።