ዜናው በስዊዝ፣ ታሪኩ በጋፋት

ፊቸር የሚባለው የጋዜጣ ጽሑፍ ከዜና በምን ይለያል እያልን ስንከራከር እንውላለን። መምህራንም በየፊናቸው ብዙ ይሉናል። እኔ ግን መልሱ እዚሁ ደጃችን፣ ደብረ ታቦር ላይ አለ ባይ ነኝ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከዘመቱት ጋዜጠኞች አንዱ የኒውዮርክ ሄራልድ ወኪል ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነበር። ብልጥ ነው መቼም! ወደ ዘመቻው ሲያልፍ ከስዊዝ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር ተስማምቶ ስለነበር የእሱ መልእክት ቀድሞ ተላከ። ወዲያው በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው የባሕር ገመድ ተበጠሰና የሌሎቹ ወሬ ታግዶ ቀረ። ለንደን የገዛ ጦሯን ድል ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰማች። እንግዲህ ዜና ይህ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፤ አለቀ።

ዳሩ ግን ስታንሊ የደረሰው ለመጨረሻው ነው። ጦሩ የመጣው ከዙላ በሰናፌና በአሸንጌ በኩል ነውና ደብረ ታቦርን አልረገጠም።

ታሪኩስ? ታሪኩ የሚጀምረው ጋፋት ላይ ነው። የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ነሐስ አቅልጠው ሴባስቶፖልን ሠሩ፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሠረገላ አስጭነው ተነሡ። መንገድ የሚባል ነገር ግን የለም። ከሠረገላው ፊት ፊት እየተጠረገ፣ በጨጨሆ አልፎ፣ የጂዳን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ይሠሩ ነበር። ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ ዋልድማየር ኋላ ትዝታውን ጽፎ አሳትሟል።

ፊቸር ጸሐፊ ሞቱን ትቶ ይህን መንገድ ይይዛል። ሲይዘው ግን ጀግንነቱን ብቻ ለቅሞ እንዳይሄድ! ያን ጊዜ የበጌምድር ገበሬ ሸፍቷል፣ ሠራዊቱም ይዘርፈው ነበር። በየመጽሐፉ የባለሙያዎቹን ስም እናገኛለን፤ ሠረገላውን በገመድ የጎተተው ሰው ግን «ሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

የእኛዎቹስ ጸሐፊዎች? ዜና መዋዕል በግዕዝ መጻፍ ወግ በነበረበት ዘመን፣ አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። ቀላል ድፍረት አይደለም። የዘነብ ከመቅደላ በፊት ያቆማል፤ የወልደ ማርያም እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። ሁለቱም መጀመሪያ የታተሙት በውጭ አገር ነው፦ የዘነብ በፕሪንስተን በ1902፣ የወልደ ማርያም በፓሪስ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ብዙ ቆይቶ ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ»ን ጻፈ፤ እሱም በጋዜጣ በለመደው፣ አፍ በሚፈታ አማርኛ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጋፋት ግን ከከተማችን በእግር ይደረሳል። ደብተር ይዞ የሚነሣ ካለ፣ ከጋፋት ቀጥሎ ጨጨሆ ይሂድና ሽማግሌዎቹን ይጠይቅልን፦ ሠረገላው ሲያልፍ አዝመራው ገና ማሳ ላይ ስለነበረው ገበሬ ከአያቶቻቸው ምን ሰምተዋል?