ሰንጠረዥ፦ ከሰው እና ከኮምፒውተር ጋር

ሰንጠረዥ በሰሜን ኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረ ጥንታዊ የቼዝ ዓይነት ነው። በእንደርታ፣ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጽፏል። የጨዋታውን ታሪክና ሕግ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት አሰባስበውታል።

ከዓለም አቀፉ ቼዝ በግልጽ የሚለየው መክፈቻው፣ «ወረራ» ነው። ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ ደስ ባላቸው ፍጥነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የተቃራኒን እጅ እያዩ የራስን አሰላለፍ መለወጥ ይቻላል።

ኮምፒውተር ግን ቼዝን የሚያሰላው «እኔ ይህን ባደርግ፣ እሱ ያን ቢያደርግ» እያለ፣ ተራን መሠረት አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 «ዲፕ ብሉ» የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 የረታው በዚሁ ስሌት ነበር፤ ዛሬ የእጅ ስልክ ላይ የሚጫን «ስቶክፊሽ» የተባለ ፕሮግራም ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ለወረራ ይህ ስሌት እንዳለ አይሠራም።

የአሸናነፍ ደረጃም አለ። በፈረስ ንጉሥን መያዝ ተራ ድል ሲሆን፣ በደካሞቹ ጠጠሮች፣ ለምሳሌ መደቆችን (ወታደሮችን) አቀናጅቶ መያዝ፣ ያስመሰግናል። ለማሽን ድል ሁሉ እኩል ነው፤ ልዩነቱን ካላስተማሩት በቀር አያውቀውም። ለልምምድ ማሽኑ አይሰለችም፣ ስህተትንም ወዲያው ያሳያል። ሙገሳና ተረብ የሚገኙት ግን ከሰው ነው፤ በእኔ ግምት መኳንንቱን ከገበታው ዙሪያ ያስቀመጣቸውም ይኸው ነበር።